የብርቱካን ልጣጭና የቀረፋ መዓዛ ኬሚስትሪ

በሰሜን አሜሪካ ቅጠል ሲረግፍና ብርዱ ሲጀምር ብዙ ሰዎች የብርቱካን ልጣጭ፣ የፖም ቁራጭ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ በውኃ ጥደው ቤታቸውን ያውዳሉ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም በላቦራቶሪ የምንማረው በእንፋሎት የማንጠር ዘዴ አለበት።

የልጣጩ ዘይት በአብዛኛው ሊሞኒን ሲሆን የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የቅርንፉዱ ዩጂኖልና የቀረፋው ሲናማልዲሃይድ ደግሞ ወደ 250 ይጠጋሉ። ታዲያ ከ100 ዲግሪ ከማያልፍ ውኃ እንዴት ይወጣሉ? ዘይቶቹ ከውኃ ጋር በደንብ ስለማይዋሃዱ የተን ግፊታቸው በውኃው ግፊት ላይ ይደመራል፤ እንፋሎቱም ይዟቸው ይወጣል።

ሊሞኒን ቶሎ ስለሚተን ቅመሙ ይቅደም፣ ልጣጩ ኋላ ይጨመር። እሳቱ ለስለስ ይበል፤ ከተንተከተከ መዓዛው ቶሎ ያልቃል። ውኃው ሲጎድል ይሞላ፤ ድስቱ ከደረቀማ የሚተርፈን ጭስ ብቻ ነው።

ግን አንድ ነገር እናስተውል። «ተፈጥሯዊ» ማለት «ጉዳት የለውም» ማለት አይደለም። ሊሞኒን ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ፎርማልዲሃይድ ሊፈጠር ይችላል፤ ስለዚህ ኦዞን የሚለቅ የአየር ማጽጃ ባለበት ክፍል ባይጣድ ይመረጣል። ደግሞም መዓዛው መጥፎ ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ግድግዳው ሻጋታ ካለው መፍትሔው ቀረፋ ሳይሆን እርጥበቱን ማድረቅ፣ ማጽዳትና መስኮት መክፈት ነው።