ለበዓል የተዘጋጀ ማባያ ስንገዛ

የዓመት በዓል ማዕድ ወጥ ብቻ አይደለም። ለገናም ሆነ ለፋሲካ ዶሮው ታርዶ ወጡ ሲሠራ ከጎኑ ብዙ ነገር ይፈለጋል። አይብ አለ፤ ጎመን አለ። ለጥብሱ አዋዜና ሚጥሚጣ ያስፈልጋል። ዳቦውና እንጀራው ገና አልተቆጠረም። ወጡም ራሱ ያለ በርበሬና ያለ ቅቤ አይሆንም። ለዒድም ቢሆን የቤቱ ጣጣ ከዚህ አያንስም።

ድሮ በገጠር ይህ ሁሉ የሚሠራው በቤት ነበር። ዛሬ ግን በየከተማው ገበያና ሱቅ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። በርበሬው ተፈጭቶ በፌስታል፣ ድልሁ በጠርሙስ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ እንጀራው በቁጥር ይገኛል። የገጠሩም ሰው ገበያ ሲወጣ መግዛት ጀምሯል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንዱ «ለዓመት በዓል በርበሬ ከሱቅ ገዛች አሉ! ምን ነካት?» እያለ ጎረቤቱን ያማል። ሌላው ደግሞ «ገንዘብ ካለ ምን አደከመን? ሁሉንም መግዛት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መግዛት ነውር አይደለም። ሳይመረምሩና ሳያሰሉ መግዛት ግን ኪስንም ጤናንም ይጎዳል።

የሥራው ክብደት

ነገሩን በትክክል ለመመዘን በመጀመሪያ ሥራውን እንቁጠር። በርበሬን ብቻ እንውሰድ። በርበሬው ይለቀማል፤ ይቀነጠሳል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያም ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይወቀጣል። እንደገና ይደርቃል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ተጨምሮ ይታመሳል። ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ተፈጭቶ ሲመለስ ይነፋል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

በዚህ ላይ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ጠላ መጥመቅና ቤት መለቅለቅ አለ። ይህ ሁሉ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ከወደቀ፣ በዓሉ ለእርሷ የዕረፍት ቀን ሳይሆን የድካም ቀን ይሆናል። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር መግዛት ስንፍና ሳይሆን ጉልበትን መቆጠብ ነው።

ምን ይገዛ? ምን በቤት ይሠራ?

ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበጃል።

አንደኛ፣ ጥሬ ዕቃው በቤታችን አለ ወይ? የምትታለብ ላም ያለው ቤተሰብ አይብ መግዛት የለበትም። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራውን በለስላሳ እሳት ማሞቅና አጓቱን ማጥለል ነው። ብዙ ገበሬ ግን ለጋ ቅቤውን በገበያ ቀን ይሸጥና፣ በበዓሉ ዋዜማ ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ቅቤ በውድ ይገዛል። የራስን ደህና ነገር በርካሽ ሸጦ የሰውን አጠራጣሪ ነገር በውድ መግዛት ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን አይተን ጥራቱን ማወቅ እንችላለን ወይ? ጥሬ ጎመን፣ ሽንኩርት ወይም ያልተፈጨ ዛላ በርበሬ በዓይን ይታያል፤ ዳቦም ተቆርሶ ይሸተታል። የተፈጨ ነገር ግን ውስጡን ይደብቃል።

ሦስተኛ፣ ዋጋው ያዋጣል ወይ? ይህን ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ ያስፈልጋል።

እስቲ እናስላ

ዋጋ በየገበያው ይለያያል። ስሌቱ ግን አንድ ነው። አንድ ቤተሰብ 5 ኪሎ ዛላ በርበሬ፣ ኪሎውን በ400 ብር ገዛ እንበል። ይህ 2,000 ብር ነው። ለቅመማ ቅመምና ለነጭ ሽንኩርት 700 ብር፣ ለወፍጮ 100 ብር ወጣ። ድምሩ 2,800 ብር ይሆናል። ተቀንጥሶና ተነፍቶ 4 ኪሎ ዱቄት ከተገኘ፣ 2,800ን ለ4 ስናካፍል አንዱ ኪሎ 700 ብር ፈጀ ማለት ነው።

በሱቅ የተፈጨው በርበሬ ኪሎው 850 ብር ቢሆን፣ በቤት በመሥራት በኪሎ 150 ብር፣ በ4ቱ ኪሎ 600 ብር ይተርፋል። ለብዙ ወር የሚሆን በርበሬ ለሚፈልግ ቤት ይህ ጥቅም አለው። ለበዓሉ ግማሽ ኪሎ ብቻ ለሚፈልግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግማሹ ኪሎ 425 ብር ነው። ለዚህች ብሎ ብዙ ቀን ከመልፋት፣ ከታመነ ሰው መግዛት ሊሻል ይችላል።

ሦስተኛም መንገድ አለ። ሦስት ወይም አራት ቤት ተባብሮ፣ እንደ ወንፈል፣ በርበሬውን በአንድ ላይ ማዘጋጀት ይቻላል። ወጪውም ድካሙም ይከፈላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። በመንደሩ ድልህ ወይም ሚጥሚጣ አሳምራ የምትሠራ ጎረቤት ካለችም ከእርሷ መግዛት ጥሩ ነው። እርሷ ገቢ ታገኛለች፤ ገዢውም የማንን እጅ እንደሚበላ ያውቃል።

ሲገዙ እንዴት ይመረመራል?

በበዓል ሰሞን ገዢው ይበዛል፤ ይቸኩላል። አታላይ ነጋዴ የሚፈልገው ይህንን ነው። በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈርና የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝና የአትክልት ዘይት፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ቀላቅለው የተገኙ ሰዎች እንደነበሩ በአገራችን በተደጋጋሚ በዜና ተሰምቷል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሳይቸኩሉ መመርመር ይገባል።

በርበሬ፦ ብዙ ከመግዛት በፊት ጥቂት ቅመሱ። አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ላይ ጨምራችሁ ትንሽ ቆዩ። ከሥር የዘቀጠውን በጣት አሹት። እንደ አሸዋ ከቆረቆረ አፈር ወይም ሸክላ ሊኖርበት ይችላል። ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት በርበሬ አትግዙ። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝም ወጡ ቢፈላ አይጠፋም። ከሁሉ የሚሻለው ዛላውን መርጦ ገዝቶ፣ ወፍጮ ቤት ቆሞ ማስፈጨት ነው።

ቅቤ፦ አሽትቱት። ጥቂት ወስዳችሁ በትንሽ ዕቃ አቅልጡት። ደህና ቅቤ ሲቀልጥ ጥቂት አሬራ ቢወጣው ያለ ነው። ነገር ግን እንደ ገንፎ ያለ ብዙ አተላ ከሥር ከቀረ ባዕድ ነገር ገብቶበታል። ዘይት የተቀላቀለበት ቅቤ ግን በዚህ መንገድ አይታወቅም። ስለዚህ ቅቤን ከሚታወቅ ሰው መግዛት ይመረጣል። በጾም ጊዜ ቅቤ ፈላጊው ያንሳል። የገና ጾም 43 ቀን፣ የፋሲካው 55 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ቀደም ብሎ ገዝቶ ማንጠር ከዋዜማ ግርግር ያድናል።

አይብ፦ ነጭና ንጹሕ መሆኑን እዩ። የሚያዳልጥ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው አይገዛም። አይብ የሚሠራው በለስላሳ እሳት ስለሆነ ከወተቱ የመጣ ጀርም ሁሉ ላይሞት ይችላል። የሻጩን እጅና ዕቃ ንጽሕና ማየት አስፈላጊ ነው።

ሚዛን፦ ሚዛኑ ዕቃው ሳይጫንበት በዜሮ ላይ መቆሙን ተመልከቱ። ቁጥሩንም ራሳችሁ አንብቡ። ማንበብ የተማርነው ለዚህ ጭምር ነው።

በእሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ

በፋብሪካ የታሸገ ምግብ ላይ ሁለት ቀን ይጻፋል። አንዱ የተመረተበት፣ ሌላው የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ከሆነ የሚማር ልጅ ያንብብላችሁ።

ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የፈረንጆች ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ከእኛ በ7 ዓመት ይበልጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በ8 ዓመት ይበልጣል።

በምሳሌ እንየው። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 4 ቀን ነው። በአንድ የድልህ ጠርሙስ ላይ የሚያበቃበት ጊዜ «04/2026» ተብሎ ቢጻፍ፣ የፈረንጆች 4ኛ ወር ነው ማለት ነው። በእኛ ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። ስለዚህ ለፋሲካ ይደርሳል። «03/2026» ቢል ግን ጊዜው መጋቢት 22 ቀን አብቅቷል። ዋጋው ቢቀነስም መግዛት አይገባም። ያበጠ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የተነሣ ጠርሙስና የተቀደደ እሽግም ቀኑ ባያልፍ እንኳ አይገዛም።

ቤት ከደረሰ በኋላ

ጥሩ ዕቃ ገዝቶ በአያያዝ ማበላሸትም አለ። ዶሮ የተበለተበትን ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳያጥቡ ጎመን ወይም ቃሪያ መክተፍ አይገባም። በጥሬ ዶሮ ላይ ያለው ጀርም ወደ ማባያው ይተላለፋል። ዶሮው እሳት ላይ ይበስላል፤ ቃሪያው ግን ጥሬውን ይበላል።

የዓለም የጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ሳይቀዘቅዝም ሳይሞቅም ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ተመጥኖ መሥራትና መግዛት ያስፈልጋል። የተረፈ ወጥ ከመበላቱ በፊት እስኪንተከተክ መፍላት አለበት። አይብ የተቀላቀለበት ጎመን ግን ሳያድር ቢበላ ይሻላል።

ከተበላ በኋላ ተቅማጥና ትውከት ቢመጣ ነገሩን «የበዓል ጥጋብ ነው» ብሎ መተው አይገባም። ሕፃንና ሽማግሌ ቶሎ ይጎዳሉ። አንዱን ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

በዓሉ ከመድረሱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ባልና ሚስት፣ የደረሱ ልጆችም ጭምር ተቀምጠው ይመካከሩ። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ረድፍ ይሠመር። በመጀመሪያው «ያለን»፣ በሁለተኛው «በቤት የምንሠራው»፣ በሦስተኛው «የምንገዛው» ተብሎ ይጻፍ። ከሦስተኛው ጎን ዋጋው ተጽፎ ይደመር። ድምሩ ከቤቱ አቅም በላይ ከሆነ ከዝርዝሩ መቀነስ እንጂ ለአንድ ቀን ማዕድ ብድር መግባት አይገባም። በቤት የሚሠራውም ሥራ ለወንዱም ለሴቱም ይከፋፈል። በርበሬ መቀንጠስና ወፍጮ ቤት መሄድ የወንድ እጅ አይከለክልም።

የማዕዱ ማማር የሚለካው በሳህኑ ብዛት አይደለም። የበላው ሰው ጤናው ሳይጓደል፣ ያዘጋጀችው እናትም አብራ ተቀምጣ ስትበላ፣ በማግስቱም ዕዳ ሳይኖር ነው በዓል በዓል የሚሆነው።

ጥያቄዎች

1. ማባያ ከመግዛታችን በፊት የምንጠይቃቸው ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. ዛላ በርበሬ ኪሎው 450 ብር ቢሆንና ሌላው ወጪ ባይለወጥ፣ በቤት የተዘጋጀው አንድ ኪሎ በርበሬ ስንት ብር ይፈጃል? በሱቅ ካለው ጋር አወዳድሩ።
3. በርበሬ ውስጥ አፈር መኖሩ እንዴት ይታወቃል?
4. በቤታችሁ ካለ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ላይ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው?
5. ለመጪው በዓል የቤታችሁን ዝርዝር በሦስት ረድፍ ጽፋችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት።