ለራስ መኪና ጥገና የሚበቁ መሣሪያዎች፦ ምን እንግዛ? ምን እንተው?

መኪና ያለው ሁሉ መካኒክ ይሁን ማለት አይደለም። ነገር ግን ዘይት ለመቀየር፣ ካንዴላ ለማየት ወይም የባትሪ ጫፍ ለማጽዳት ሁልጊዜ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። እኛ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ደግሞ ገና አንደኛ ዓመት ሳንጨርስ ዘመድ «እስቲ ይቺን እያት» ይለናል። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያሳፍረን የእውቀት ሳይሆን የመሣሪያ ጉድለት ነው።

ከራሴ ልጀምር። አጎቴ በላዳ ታክሲ ይተዳደር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤንዚን ፓምፕ ልቀይርለት ሄድኩ። የያዝኩት ኮሮላ ላይ የለመድኳቸውን 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር መፍቻዎች ነው። ፓምፑን የያዙት ሁለት ዳዶዎች ግን 13 ናቸው። 12ቱ አልገባ አለ፤ 14ቱ ገባ፣ ግን ይላወሳል። «ልዩነቱ ትንሽ ነው» ብዬ ሳብኩት። የዳዶው ጠርዝ ተበልቶ ክብ ሆነ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይኸው ነው! በመሮ እየመታን እስክናወጣው ቀኑ መሸ፤ አጎቴም የቅዳሜ ሥራው ቀረበት። ምንም አልተናገረኝም። ዝም ማለቱ ግን የበለጠ ከበደኝ።

1. መጀመሪያ መኪናውን ማወቅ

መሣሪያ የሚመረጠው በመኪናው ነው። በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ላይ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በ10 ቁጥር፣ 8 ሚሊሜትሩ በ12፣ 10 ሚሊሜትሩ በ14፣ 12 ሚሊሜትሩ በ17 ይፈታል። ላዳ ግን ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወለደች ስለሆነች 8 ሚሊሜትሩ በ13፣ 10 ሚሊሜትሩ በ17 ነው የሚፈታው። የኮሮላ የጎማ ዳዶ 21 ነው።

2. መፍቻና ቡሶላ

በአንድ በኩል ክፍት፣ በሌላው ክብ አፍ ያለው መፍቻ ይመረጣል። የጠበቀውን በክቡ ማላቀቅ፣ ከዚያ በክፍቱ ማዞር ነው። ቡሶላ ሲገዛ ባለ 6 ማዕዘኑ ከባለ 12ቱ ይሻላል፤ የብሎኑን ጎን በደንብ ስለሚይዝ ጠርዝ አይበላም። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

3. ካቻቢቴና ፒንሳ

ጠፍጣፋና መስቀለኛ ካቻቢቴ በሁለት በሁለት መጠን፣ አንድ ፒንሳ፣ በቃ። የካቻቢቴው ጫፍ ቦታውን ሞልቶ ካልተቀመጠ አይሞከር።

4. ክሪክና ካባሌቶ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ከሥር እንዲገባበት አልተሠራም። ድንጋይም ብሎኬትም ካባሌቶን አይተካም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ መሆን አለበት፤ የማይነሱት ጎማዎች ይታገዱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። መኪናው ካባሌቶው ላይ ካረፈ በኋላ ከመግባታችን በፊት ገፋ አድርገን እንየው። ገንዘብ ካጠረን ሌላው ይቅር እንጂ ካባሌቶ አይቅር። ካባሌቶ ከሌለ ከሥር አንገባም።

5. መለኪያ

የጎማ አየር መለኪያና ቀላል የኤሌክትሪክ መለኪያ ብዙ ግምት ያስቀራሉ። ደህና ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተር ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ሲታሰር መጨረሻ ላይ ኔጋቲቩ መሆኑን አንርሳ።

6. ሲገዛ

መቶ ዕቃ የታጨቀበት ሳጥን ዓይን ይስባል፤ ግማሹን ግን አንነካውም። በዚያ ብር ጥቂት ጥሩ መፍቻ መግዛት ያዋጣል። ክሮም ቫናዲየም የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ አስመስሎ የሚጽፍም አለ። ስለዚህ መርካቶ ስንሄድ የ10 እና የ14 ብሎን በኪሳችን እንያዝ። መፍቻውን ብሎኑ ላይ አግብተን እናላውሰው፤ ከወዲያ ወዲህ ካለ እንመልሰው።

ማጠቃለያ

በአንድ ጊዜ ሁሉን መግዛት አይጠበቅብንም። ለያዝነው ሥራ የሚያስፈልገውን እየገዙ መሄድ ይበቃል፤ ቀሪውን ከጓደኛ ጋር መጋራት ይቻላል። አጎቴ ላዳዋን ከሸጠ ቆየ። 13 ቁጥር መፍቻ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም።