ሰው መሰል ሮቦት፦ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ»?

ጃፓናዊው ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው መላምት መሠረት፣ ሮቦት ሰውን በመሰለ ቁጥር ተወዳጅነቱ ይጨምራል፤ መምሰሉ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግን ተመልካቹን ይረብሻል። ይህ ስሜት በአብዛኛው በመጠይቅ ይለካል።

አማርኛ ሌላ መለኪያ ያክላል፤ ተናጋሪው በ«አንተ»፣ በ«አንቺ» ወይም በ«እርስዎ» ሳይለይ ሮቦትን ሊያዝ አይችልም። የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች በሶፍትዌሯ ሥራ የተሳተፉባት ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትጎበኝ የተጠራችው በአንስታይ ጾታ ነበር።

በአሶሳ ግን አፋቸውን በበርታ፣ በጉሙዝ ወይም በሺናሻ የፈቱ ነዋሪዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ሮቦቱን «አንተ» ቢል፣ መነሻው ለማሽኑ ያለው አመለካከት ነው ወይስ የሁለተኛ ቋንቋ ልማድ? ይህን ለመለየት ተሳታፊው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊጠየቅ፣ የመጠይቁም ትርጉም ወደ አማርኛ ተመልሶ ሊፈተሽ ይገባል። አለዚያ የሚለካው የሮቦቱ ገጽታ ሳይሆን የተሳታፊው አማርኛ ይሆናል።