መድኃኒት ያልገታው የሚጥል በሽታ፦ ቀዶ ሕክምና መቼ ይታሰባል?

መቼ ነው «መድኃኒት አልያዘውም» የሚባለው?

ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ማኅበር በ2010 እ.ኤ.አ. መስፈርት አውጥቷል። ለሕመሙ በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው መጣሉ ካልቆመ፣ በሽታው መድኃኒትን የተቋቋመ ነው። ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሌላ መድኃኒት ሲጨመር የመሳካት ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። የቀዶ ሕክምና ግምገማ መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው፤ ታማሚው ልጅ ከሆነ ትምህርቱን እስኪያቋርጥ መጠበቅ የለበትም።

ክኒኑ በእርግጥ ተወስዷል?

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገብቶ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ፌኖባርቢታል አጥቶ ደጋግሞ የጣለው ሰው መድኃኒቱ እንቢ ያለው አይደለም። ጠበል ገብቶ ክኒን ያቆመም እንዲሁ። ጠበሉም ዱዓውም ከክኒኑ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በረመዳን ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ይቻላል። የመድኃኒት ምርጫም ይፈተሻል፦ ካርባማዜፒን ከአንድ የአንጎል ቦታ ለሚነሳው ይጠቅማል፣ አንዳንዱን ዓይነት ግን ያባብሰዋል።

ደሴ ሆጤ ሆናችሁ የምትሠሩት

ሐኪሙ ፊት ብዙ ጊዜ አይጥልም። ስለዚህ ቤት ሲጥለው አንዱ ታማሚውን በጎኑ ያስተኛው፤ ክብሪት ማሽተትም አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ይቅር። ሌላው በስልክ ይቅረጽ፦ ፊቱንና ሁለቱንም እጆቹን፣ ከጅምሩ። በስሙ ጥሩት፣ ሲነቃም አነጋግሩት። አንድ እጁ ነጠላውን እየዳሰሰ ሌላው ተጣሞ ቢደርቅ፣ መነሻው ከደረቀው እጅ በተቃራኒ ባለው የአንጎል ክፍል ሊሆን ይችላል። ከመጣሉ በፊት ከሆዱ ሽቅብ የሚወጣ ስሜት ካለውም ንገሩ፤ በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል ይጠቁማል።

ምርመራዎቹ

ኢኢጂ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል። ሹሩባው ይፈታል፣ ጸጉሩ ይታጠባል፣ ቅቤ አይቀባም፤ ሽቦዎቹ ከራስ ቆዳ ጋር መያያዝ አለባቸው። ውጤቱ ደህና ቢሆንም በሽታው የለም ማለት አይደለም። ለቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ታማሚው በካሜራና በኢኢጂ ለቀናት ይጠበቃል። ኤምአርአዩም ለሚጥል በሽታ ተብሎ፣ በስስ ቅንጣቢ መነሣት አለበት፤ ተራው ትንሿን ጠባሳ ሊስታት ይችላል።

ውሳኔው

ቪዲዮው፣ ኢኢጂውና ኤምአርአዩ አንድ ቦታ ከጠቆሙ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ያ ቦታ ቢወጣ ንግግር፣ ትውስታ ወይም እጅ ይጎዳል ወይ የሚለው ነው። የንግግርና የትውስታ ፈተናውም ታማሚው በሚናገረው ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። መነሻው ከብዙ ቦታ ከሆነ ጠባሳውን ማውጣት አይረዳም።

ተስፋው ባዶ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ከጆሮ ግንድ በኩል የሚነሳ በሽታ ያለባቸውን 80 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ከዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት መጣል የዳኑት ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት ግን 8 በመቶ ነበሩ።

ሪፈር ስትጠይቁ

ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አዲስ አበባ ስትገቡ የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና የተወሰዱበትን ጊዜ፣ የጣለበትን ቀን የያዘ ደብተርና ቪዲዮውን ያዙ። የኤምአርአይ ሲዲውንም አትርሱ፤ ነርቭ ሐኪሙ ምስሉን በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል፣ የተጻፈው ውጤት ብቻውን አይበቃውም።