የአያቴ ወንበር፦ ያረጀ የስፖንጅ ወንበር በትንሽ ወጪ እንዴት ይታደሳል?

በዛሬው የእጅ ሥራ ዓምዳችን ያረጀ የስፖንጅ ወንበር እንዴት እንደሚታደስ እንማማራለን። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ብቻ ሳይሆን ቤታችን የሠራነውን ነው የምጽፍላችሁ። ተሳስተን የተማርነውንም አልደብቅም።

ወንበሩ የአያቴ ነው። አያቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በርጩማ ላይ ከተቀመጡ ያለ ሰው እርዳታ መነሳት አይችሉም። ይሄ ወንበር ግን ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው ስለሆነ ብቻቸውን ይነሱበት ነበር። ቆይቶ መሃሉ ጎደጎደ። ሲቀመጡበት ወደ ውስጥ ያሰምጣቸዋል፤ ጉልበታቸው ከወገባቸው በላይ ይሆናል። ለመነሳት "ኑ አንሱኝ" ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን እናቴ ውሃ ስትሰጣቸው "ተይው፣ አልጠማኝም" አሉ። በኋላ ነው የገባን። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ላለማስቸገር ውሃ መጠጣት ቀንሰው ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው ስህተት ነበር። ጨርቁ ተቀዶ ስለነበር አዲስ ጨርቅ ገዝተን አሰፋን። ወንበሩ አማረ። ግን አንድ ወር ሳይሞላው እንደገና ጎደጎደ፤ የጨርቁ ገንዘብ ከንቱ ቀረ። አባቴ "ለማገዶ እንፍለጠው" ሲል የሰፈራችን አናጺ መጡና ወንበሩን ገልብጠው ከሥር አዩት። "እናንተ ፊቱን አጠባችሁት እንጂ በሽታውን አላከማችሁትም" አሉን። የዛሬው ትምህርት ዋና ነገር ይሄው ነው፦ ወንበር ሲበላሽ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚታየው።

ወንበሩ ከምን ከምን ይሠራል?

የስፖንጅ ወንበር መቀመጫ ከታች ወደ ላይ አራት ነገር አለው፦
1. የእንጨት ፍሬም፤ አራት እንጨት ተገጣጥሞ
2. ፍሬሙ ላይ የተወጠረ ቀበቶ፤ ከላስቲክ ወይም ከወፍራም ጨርቅ (አንዳንዱ ሞላ አለው)
3. ስፖንጅ
4. ጨርቅ

ክብደታችንን የሚሸከመው ስፖንጁ አይደለም፤ ቀበቶውና ፍሬሙ ነው። ስፖንጁ እንዲመቸን ነው፣ ጨርቁ ደግሞ ስፖንጁን ይሸፍናል። ይህ ዘዴ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የጠፍር አልጋን አስቡ፦ እንጨቱ ላይ የቆዳ ጠፍር ወዲያና ወዲህ ተወጥሮ ሰው ይሸከማል። የወንበር ቀበቶም ያው ነው።

አንደኛ፦ መፍታትና ማጽዳት

መቀመጫውን ከእግሩ ጋር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈታን። ምስማሮቹን በጉጠት እየነቀልን ጣሳ ውስጥ ጨመርናቸው። ያልዛጉትን በመዶሻ አቃንተን እንደገና ተጠቀምንባቸው። መሬት ላይ የወደቀ ምስማር ግን አደገኛ ነው፤ ሕፃናት ባዶ እግራቸውን ይሮጣሉ። የዛገ ምስማር ከወጋችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የቴታነስ ክትባት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

አሮጌውን ጨርቅ አትጣሉት! አዲሱን ለመቁረጥ ልክ ይሆናችኋል።

በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ትኋን ካለ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻ አይበቃም፤ ስንጥቁ ውስጥ ይደበቃል። ትልቅ ሰው የፈላ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ያፍስስበት። ከዚያ እንጨቱ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ ሆኖ ከተሸፈነ ይሻግታል፤ ዝናብ ባለበት ወር ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

ሁለተኛ፦ ፍሬሙ

ፍሬሙ ቢወዛወዝ ምስማር አትጨምሩበት፤ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። መገጣጠሚያውን ፈታን፣ የድሮውን ኮላ ፋቅን፣ አዲስ የእንጨት ኮላ ቀባን። ማሰሪያ መሣሪያ ስለሌለን በቃጫ ገመድ ዙሪያውን አስረን፣ ገመዱ መሃል ዱላ አስገብተን አጠማዘዝነው። ገመዱ ሲጠማዘዝ እንጨቶቹን አጥብቆ ያያዛቸዋል። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ቆየ።

የሒሳብ ትምህርት እዚህ ጋ ጠቀመኝ። አራት ማዕዘን ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱ ዲያጎናሎች እኩል ናቸው። ፍሬማችን 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። ስንለካ አንዱ ዲያጎናል 72፣ ሌላው 69 ተኩል ሆነ፤ ስለዚህ ተጣሟል ማለት ነው። ኮላው ሳይደርቅ ረጅሙን ጥግ ገፋ አደረግነው፤ ሁለቱም 71 ገደማ ሆኑ። ነቀዝ የበሳቸውን ትንንሽ ቀዳዳዎች ኮላና ሰጋቱራ ለውሰን ደፈንን፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። እንጨቱ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ከሆነ ግን መደፈን አይጠቅምም፤ ያ እንጨት ይቀየር።

ሦስተኛ፦ ቀበቶው

የወንበሩ በሽታ እዚህ ነበር። ላስቲኮቹ ላልተው ሁለቱ ተበጥሰዋል። አዲስ አልገዛንም። ሞተር ሳይክል ከሚጠግኑ ልጆች ዘንድ የተጣለ ከመነዳሪ፣ ማለትም ጎማ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ፣ ጠየቅን። ሁለት ሰጡን፤ ተርፎናልም። ስትመርጡ ሳብ አድርጋችሁ እዩት። የተሰነጣጠቀውንና የተለጠፈበትን ክፍል ተዉት።

በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆረጥን። በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሲተው ለአንድ አቅጣጫ 5 ላስቲክ ይበቃል፦ 5 × 5 = 25፣ አራት ክፍተት 4 × 5 = 20፣ ድምር 45፤ የቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ለሁለቱ ዳር ይከፈላል። ለሁለቱ አቅጣጫ 10 ላስቲክ ሆነ።

አወጣጠሩ እንዲህ ነው፦ ላስቲኩ ላይ የ45 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ፤ ለማጠፊያ ከሁለቱም ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ተርፎ። አንዱን ጫፍ በ3 ምስማር ምቱ፣ ትርፉን አጥፉና በ2 ምስማር ድገሙ። ከዚያ አንድ ሰው በጉጠት ይሳብ፤ 45 የነበረው 50 ሲሆን ሌላው ሰው ይምታ። ላልቶ ከተመታ ይጎደጉዳል፣ ከልክ በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል።

በሁለተኛው አቅጣጫ የሚሄዱት ላስቲኮች አንዴ ከላይ አንዴ ከሥር እየተሹለከለኩ ይለፉ። ሸማኔ ሲሠራ አይታችኋል አይደል? ድሩ መካከል ማግ እንደሚያልፈው ማለት ነው። የጋሞ ሕዝብ በሽመና የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄደው የሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ የሄዱ ናቸው። አንድ ክር ብቻውን ደካማ ነው፤ ሲጠላለፍ ግን ሸክሙ ለሁሉም ይካፈላል። ለላስቲኩም ያው ነው።

አራተኛ፦ ስፖንጁ

ስፖንጁን በእጃችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ገና ይሠራል። እንደተጨነቀ ከቀረ ወይም እንደ ዱቄት ከረገፈ አልቋል። አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዛም ነው። የእኛ መሃሉ ብቻ ደክሞ ስለነበር ገለበጥነው፣ ከላዩም አሮጌ ቡልኮ ሁለት ጊዜ አጥፈን ደረብን። በስፖንጁና በላስቲኩ መካከል ጆንያ አነጠፍን፤ አለዚያ ላስቲኩ ስፖንጁን ይበላዋል።

ስፖንጅ መግዛት ካልተቻለ ጥጥ ወይም የተቆራረጠ ጨርቅ ይሆናል። ግን የጨርቅ ኳሳችንን አስታውሱ፤ ካልታሰረ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል። ስለዚህ በጆንያ መስፊያ መርፌ ከላይ እስከ ታች እየወጋችሁ በየቦታው አስሩት።

አምስተኛ፦ ጨርቁ

ጨርቅ ስትመርጡ ወደ ብርሃን አንሱት። ብርሃኑ በደንብ ካለፈበት ለመቀመጫ አይበረክትም። አሮጌ ጂንስ ሱሪ ተፈትቶ ቢሰፋ ከቀጭን አዲስ ጨርቅ ይሻላል። ስፋቱን ለማወቅ፦ መቀመጫ 50፣ በሁለቱም ጎን የስፖንጅ ውፍረት 8፣ የእንጨት ውፍረት 2፣ ማጠፊያ 5። ስለዚህ 50 + 15 + 15 = 80 ሴንቲ ሜትር። 80 በ80 ቆረጥን።

ስትመቱ ከጥግ አትጀምሩ። የአንዱን ጎን መሃል፣ ከዚያ የፊት ለፊቱን መሃል፣ ከዚያ የቀሩትን ሁለት ጎኖች መሃል ምቱ። ቀስ በቀስ ወደ ጥግ ሂዱ፤ ጥጉ መጨረሻ ላይ ይታጠፋል። ከጥግ ከተጀመረ ጨርቁ ይጨማደዳል።

ምን ገዛን? ምን አገኘን?

የገዛነው ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ እሽግ አጭር ምስማር ብቻ ነው። ጨርቁ ያው በፊት የገዛነው ነው፤ ከላዩ ፈተን ተጠቀምንበት። ከመነዳሪው፣ ጆንያው፣ ቡልኮውና ሰጋቱራው በነፃ የተገኙ ናቸው። ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ወንበሩን ፈታችሁ እዩ፤ የጎደለውን በወረቀት ጻፉ። ሳያዩ መግዛት እንደ እኛ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ሥራው ያለቀ ቀን አያቴ ተቀመጡ። ሁላችንም ዝም ብለን አየናቸው። ቆዩና ሁለቱን መደገፊያ ይዘው ብቻቸውን ተነሱ። ምንም አላሉም፤ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱና እንደገና ተቀመጡ። ከዚያ እናቴን "ውሃ ስጪኝ" አሏት።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ቤተ መጻሕፍታችን ጥግ ላይ የተቆለሉ ሁለት የስፖንጅ ወንበሮች አሉ። የክበባችን ተጠሪ መምህር ከፈቀዱልን ገልብጠን ከሥር እንያቸው። ምናልባት የጎደላቸው ላስቲክ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መቀመጫው 45 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ስፖንጁ 6፣ እንጨቱ 3፣ ማጠፊያው 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚያስፈልገው ጨርቅ ስንት በስንት ነው? መልሳችሁን ከነአሠራሩ በክበባችን ሣጥን ጨምሩ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!