መብትና ንባብ በአንድ ደብተር

ጥያቄ፦ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት አስተምራለሁ። ስለ መብትና ማንነት ማንሳት የንባቡን ጊዜ አይሻማም?

መልስ፦ የሚሻማው መብቱና ንባቡ ተነጣጥለው ሲቀርቡ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ሴፕቲማ ክላርክና ኢሳው ጄንኪንስ በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና፣ በጆንስ ደሴት የጀመሩትን የዜግነት ትምህርት ቤት ይመልከቱ። በግዛቲቱ ለመራጭነት ለመመዝገብ ከሕገ መንግሥቱ ማንበብ ይጠየቅ ስለነበር፣ ብዙ ጥቁሮች በዚሁ ሰበብ ይመለሱ ነበር። መምህርቷ በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪ እንጂ በማስተማር ሙያ የሠለጠኑ አልነበሩም፤ ምናልባትም የበጀው ይኸው ነው። ተማሪዎቹን ምን መማር እንደሚሹ ጠየቋቸው፤ ስም መፈረም፣ የገንዘብ ማዘዣ መሙላት፣ ለምዝገባው የሚጠየቀውን ሕግ ማንበብ የትምህርቱ ይዘት ሆነ። «ይህ ፖለቲካ ነው» ለሚል፣ ፖለቲካውን ወደ ንባብ ያስገባው የመራጭነት ምዝገባው የንባብ ፈተና ነው። ስብከት ከበዛ ግን ተማሪው አድማጭ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ንግግሩን አሳጥረው የቤት ኪራይ ውል ያስነብቡ፣ ተማሪዎቹም የሚጎዳቸውን አንቀጽ ራሳቸው ያስምሩበት።