ስለ ሥጋ ደዌ በሽታ፤ መምህራን ሊያውቁት የሚገባ

ስማቸውን ከላሊበላ ጋር የሚጋሩት ላሊበሎች፣ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት፣ ማዜሙን ብንተው ቁምጥና ይይዘናል የሚል ከአባቶቻቸው የወረሱት እምነት ስላላቸው ነው። ዜማው ደስ ያሰኛል፤ ፍርሃቱ ግን መሠረት የለውም። ሥጋ ደዌን የሚያመጣው የዘር ዕዳ ሳይሆን ባክቴሪያ የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ መሆኑን የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ደርሶበታል።

ታዲያ ስለምን የዘር በሽታ መሰለ? ባክቴሪያው ካልታከመ ሕመምተኛ አፍና አፍንጫ ወጥቶ የሚጋባው ለረጅም ጊዜ አብረው ለሚኖሩ ነው፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ከ5 ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በኋላ ይታያል። ስለዚህ በአንድ ቤት ወላጅም ልጅም ሲታመሙ ሰው አጥንት ይቆጥራል። እጅ በመጨባበጥ ግን አይጋባም።

መጀመሪያ የሚታየው ከቀረው ገላ የፈዘዘ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክና የማያም ምልክት ነው። ከለምጽ ጋር እንዳይምታታ፤ ለምጽ ፈጽሞ ይነጣል፣ ስሜቱ ግን አይጠፋም። መምህሩ እንዲህ ያለ ምልክት በተማሪ ገላ ላይ ቢያይ፣ ጓደኞቹ በሌሉበት ዐይኑን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ምልክቱን ይንካውና የተነካበትን በጣቱ እንዲያመለክት ይጠይቀው። ልጁ ካልተሰማው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ቢሰማውም ምልክቱ የማይጠፋ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ጣት የሚያጥረው ባክቴሪያው በልቶት አይደለም። ነርቩ ስለ ሞተ ሰውየው የጋለ ድስት ሲያነሣ፣ በላስታ ድንጋይና እሾህ ላይ ባዶ እግሩን ሲሄድ አይሰማውም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱም ይጎዳል። እንግዲህ ስሜት ያጣ ሰው ማታ ማታ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በዐይኑ ይመርምር፤ ጫማ ያድርግ፤ ትኩስ ዕቃ በጨርቅ ይያዝ።

ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ባዘዘው መሠረት ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ተጣምረው ይሰጣሉ፤ እንደ በሽታው ክብደት ለ6 ወይም ለ12 ወር በነፃ። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በሽታውን ለሌላ አያጋባምና ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም። ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል፣ ክሎፋዚሚን ገላን ያጠቁራል፤ ብዙዎች ደንግጠው የሚያቋርጡት በዚህ ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ይለቃል። በሕክምናው መካከል ምልክቱ ቢያብጥ ወይም ነርቩ ቢያም ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ የዘገየ እንደ ሆነ እጅና እግር ይሽመደመዳል።